የጎበጠው መስመር

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ተወሰነ። ሲግነ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ፣ እግሯን ወንበሩ ላይ አጣጥፋ፣ ስለ ዝናብ እንደምታወራ ሁሉ እንደ ቀላል ነገር ተናገረችው። የጀልባ ትኬት መሸጫ መተግበሪያችን እስከ ገና ድረስ «የመሣሪያ ሳጥን» በሚሉት አዲስ የፕሮግራም መሥሪያ እንደገና ይሠራል። እኔ ለአይፎን የጻፍኩት ኮድ ይዘጋል፤ ማልተ ለአንድሮይድ የጻፈውም ይዘጋል። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ይጻፋል፣ በሁለቱም ስልክ ይሠራል።

«አንድ ጊዜ ይጻፋል» እያለ የማለ ሰው በሥራ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ። የማሉት ሁሉ ሌላ መሥሪያ ቤት ገብተዋል። ትተውት የሄዱትን ያጸዳሁት እኔ ነኝ።

ማልተ ግን የራሱ ኮድ መዘጋቱን እንደ ሠርግ ነው የቆጠረው። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ አሁንም በካልሲ ነው ቢሮ ውስጥ የሚሄደው።

«አትቆጣ ቫግን» አለኝ።

«አልተቆጣሁም።»

«ለፊትህ ንገረዋ፣ እሱ አልሰማም።»

ሁሉም ሳቁ። ሲግነም ሳቀች፣ አለቃ ሆና።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ቀኑን ሙሉ ስለ ሳጥኑ አነበብኩ። ያላወቅሁትን ነገር አልጠላም፤ የምጠላው አውቄ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የኔ አሮጌ ኮድ ስልኩን ይለምናል። «እባክህ አንድ አዝራር» ይለዋል፣ ስልኩም ከራሱ ዕቃ ቤት የራሱን አዝራር አውጥቶ ያስቀምጣል። አይፎን የአይፎኑን፣ አንድሮይድ የአንድሮይዱን። ሳጥኑ ግን ለማኝ አይደለም። ከስልኩ የሚፈልገው ባዶ ሸራ ብቻ ነው። ቀለሙን ይዞ ይመጣል፣ ብሩሹን ይዞ ይመጣል፤ አዝራሩንም ፊደሉንም ጥላውንም ራሱ ይስላል። ሁለቱም ስልኮች ላይ ያው ሥዕል የሚወጣው ለዚህ ነው። እራት ተጋብዞ ወንበሩን፣ ሳህኑንና የግድግዳ ወረቀቱን ተሸክሞ የሚመጣ እንግዳ አስብ።

የሚጻፈው ደግሞ እንደ ዛፍ ነው። ገጹ ዓምድ ይይዛል፣ ዓምዱ ረድፍ፣ ረድፉ ካሬ፣ ካሬው ጽሑፍ። አንድ ጀልባ ዘገየ እንበል። የዚያ ቅርንጫፍ አዲስ ዛፍ ይበቅላል፣ ከአሮጌው ጎን ይቆማል፣ ልዩነቱ ይታያል፣ የተለየችው ቅጠል ብቻ እንደገና ትቀባለች። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን ተርገብግቦ ሳይከደን ነው።

ብልህ ነው። ለማልተ አልነግረውም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ጥድፊያ። የመነሻ ሰዓቶቹን ሠንጠረዥ ማልተ ጀመረው። ፈጣን እንዲሆን ብሎ የሳጥኑን ዝግጁ ቁርጥራጮች ትቶ በቀጥታ በብሩሽ ሣለው። ጠይቆኝ ቢሆን አይሆንም እለው ነበር። አልጠየቀኝም።

ዝናብ ከጎን። ብስክሌቴን ከመንገዱ ዳር ብረት ጋር አጋጨሁት። ማዘጋጃ ቤቱ ብረቱን ሳያዛውረው አይቀርም። ጉልበቴ ተላጠ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

በአገሩ ሁሉ እንደሚደረገው እኛም ቢሮ ያጠፋ ሰው ኬክ ያመጣል። የሠራው ነገር የተበላሸበት ሰው ለዓርብ ቁርስ ኬክ ይዞ ይመጣል፣ ይቀለድበታል፣ ይበላለታል፣ አለቀ። የኛ ሕግ ግን ሁለተኛ አንቀጽ አለው። በሌላ ሰው ሥራ ላይ «ስህተት አለ» ብሎ ከሶ ስህተቱ ያልተገኘለትም ኬክ ያመጣል። ይህን አንቀጽ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሳያጣሩ የሚጮኹትን አፍ ለማስዘጋት። እኔ በሁለቱም አንቀጽ ኬክ አምጥቼ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ዛሬ ስለከሰስኩ ነው።

በሠንጠረዡ ላይ መነሻውንና መድረሻውን የሚለየው ቀጭን ቁም መስመር መሃሉ ላይ ይጎብጣል። ትንሽ ነው፣ ውኃ እንደጠጣ ጣውላ። ቁርሱ ላይ ስልኩን ለማልተ ሰጠሁት።

«የቱ ጋ?»

«መሃሉ ላይ።»

ዳቦውን አስቀምጦ አየው። «ቀጥ ያለ ነው።»

«ጎብጧል።»

«ቫግን፣ መነጽርህ ላይ ቅቤ አለ።»

ጠረግሁት። ቅቤ ነበረው። መስመሩ ግን እንደጎበጠ ነው።

«እሺ፣ ስህተት ብለህ መዝግበው» አለ። «ግን ሁለተኛውን አንቀጽ አስታውስ። እኔ የቸኮሌቱን ነው የምወደው።»

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

በሥርዓት እናስብ። አይፎኑ ላይ ይጎብጣል። አንድሮይዱም ላይ ይጎብጣል። ሁለቱ ስልኮች የተለያየ ፋብሪካ፣ የተለያየ መስታወት፣ የተለያየ ሥርዓት ናቸው። የጋራቸው የሆነ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ሳጥኑ። ስለዚህ ጥፋቱ የሳጥኑ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ ይህን ማያያዝ ይችላል።

የማይገባኝ ቁጥሩ ነው። መስመሩ የሚያልፍባቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ አወጣሁ። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቁጥር። በቁጥር ቀጥ ያለ፣ በመልክ የጎበጠ። ከቁጥሩና ከቀለሙ መካከል የሆነ ቦታ ላይ አንድ ነገር ይዋሻል። የት እንደሆነ አላገኘሁትም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

ሰዓቱ ወደኋላ ተመልሷል፣ ከሥራ ስወጣ ጨልሟል። ቤትም ውስጥ መብራቱ ደብዝዟል፤ ባለቤቴ ሎነ የምትገዛቸው አምፖሎች ደካማ ናቸው።

እራት ላይ ውኃ ስቀዳ ከብርጭቆው ጎን ፈሰሰ። ሎነ ጨርቅ አመጣች። ሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ዝም ካለች እየደመረች ነው።

«ዓይንህን ተመርመር» አለች በኋላ።

«መነጽር መቀየር ነው ያለብኝ።»

«መነጽር አላልኩም። ዓይን ነው ያልኩት።»

«ሎነ፣ ሥራ በዝቶብኛል። ከገና በኋላ።»

ከሱፐርማርኬቱ ገንዘብ መክፈያ አጠገብ ካለው ማንጠልጠያ ጠንከር ያለ መነጽር ገዛሁ። ፊደሉ ተለቀ። መስመሩም ተለቀ፣ ከነጉብጠቱ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 31

የሰማሁት። ጓዳው ውስጥ ሲግነና ማልተ፦

«እስካሁን እዚያው መስመር ላይ ነው?»

«እዚያው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የጎበጠው መስመሩ አይደለም። የራሱ ኮድ ተጥሎበት ምን ይበል?»

«እስኪወጣለት ተወው» አለች ሲግነ።

ስኒዬን ሳልሞላ ተመለስኩ። እስኪወጣለት! ትኩሳት ነኝ እንዴ?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ማልተ ዛሬ ወንበሩን ገፍቶ አጠገቤ መጣ። ደግነት ይሁን ፌዝ አልለየሁትም።

«የፈለግኸውን ንገረኝ፣ እዚሁ እንቀይረው» አለ።

ሳጥኑ አንድ የሚያስቀና ነገር አለው። በአሮጌው አሠራር አንድ ቀለም ለመቀየር ፕሮግራሙን ዘግቶ፣ እንደገና ገንብቶ፣ ከፍቶ፣ ቀድሞ ወደነበርክበት ገጽ መመለስ ነበረብህ። እዚህ ግን ኮዱ ላይ ስትቀይር ስልኩ ላይ ወዲያው ይቀየራል። ገጹ አይዘጋም፤ የመረጥከው ጀልባ እንደተመረጠ፣ የጻፍከው ስም እንደተጻፈ ይቆያል። ሰውየው እየተራመደ ጫማውን እንደመለወጥ ነው።

መስመሩን አወፈረው። «አሁንስ?»

«ወፍሮ ጎበጠ።»

ሰማያዊ አደረገው። «አሁንስ?»

«ሰማያዊ ሆኖ ጎበጠ።»

አጠፋው። «አሁንስ?»

ሳቅሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሥራ ቦታ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ መስመሩ ወደነበረበት ቦታ ተመለከትኩ። ሰዓቶቹም መሃል ላይ እርስ በርስ ተጠጋግተው ነበር። ይህን አልነገርኩትም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

የቅዱስ ማርቲን በዓል ዋዜማ። እንደ ልማዱ ዳክዬ ነበር፣ ከቀይ ጎመንና በስኳር ከተጠበሰ ድንች ጋር። እህቴ ካረን ከተወለድንበት ደሴት፣ ከፊን፣ መጣች።

ከእራቱ በፊት የሆነውን ልጻፍ። ምሳ ሰዓት ላይ አሮጌውን መተግበሪያ ከፈትኩት፤ የራሴን። እዚያም ሠንጠረዥ አለ፣ እዚያም መስመር አለ። ያንን መስመር ሳጥኑ አልሣለውም፤ ስልኩ ራሱ ነው የሠራው። ጎብጧል።

ለረጅም ጊዜ ያዝኩት። አንድ መላ ብቻ ነው የታየኝ፦ ሁለቱም የስልክ ኩባንያዎች በቅርቡ ሥርዓታቸውን አድሰዋል፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር አበላሽተዋል። ሊሆን ይችላል። ሊሆን የሚችል መሆኑን ለማሳየት ሦስት ምክንያት ጻፍኩ። አንዱም አያሳምነኝም።

ካረን ወይኑ ሞቅ ሲያደርጋት የአባታችንን ወሬ አነሳች። አባታችን የጀልባ አናጢ ነበር፣ በእጁ የተሠራ በር በነፋስ እንኳ አይንቀጠቀጥም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን የሳሎኑ የበር መቃን ጠመመ ብሎ ተነሳ። ቀጥ ያለ ነበር። ነቅሎ ጣለው፣ እንደገና ሠራው፣ ያን ጊዜ በእውነት ጠማማ ሆነ። «አሁን ተስተካከለ» ብሎ ቱንቢውን አስቀመጠ። ያን በር ከዚያ በኋላ በትከሻ ነበር የምንከፍተው። ሰውንም በጎን ማየት ጀምሮ ነበር፣ እንደ ዶሮ። ንቀት መስሎን ተቀይመነው ነበር።

እኔና ካረን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሎነ አልሳቀችም።

«ቫግን» አለችኝ፣ «አሁን እኔን እያየኸኝ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ፊትህ ለምን ወደ ካረን ዞረ?»

ዳክዬውን መቁረጥ ጀምሬ ነበር። ቢላውን ከእጄ ወሰደችው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ለሳጥኑ ሠሪዎች የላክሁት ረጅም ክስ መልስ መጣ። በጨዋ ቃል፦ ሞከርነው፣ አላገኘነውም፣ ዘግተነዋል።

ከዚያ ሲግነ ጠራችኝ።

«የጠራሁህ ልቆጣህ አይደለም» አለች። «ከአንተ ነው ሥራውን የተማርኩት። ግን ስንት ሳምንት ሙሉ አንድ መስመር ይዘህ ቆምክ? ክፍያ የሚፈጸምበት ገጽ ያንተ ነበር፣ አልነካኸውም። አዲሱን ካልፈለግህ አልፈልግም በል፤ ሌላ ቦታ እንፈልግልህ።»

«ሌላ ቦታ የት?»

«የደንበኞች ስልክ ላይ ሰው ያስፈልጋል።»

«መስመሩ ጎብጧል ሲግነ።»

ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ስልክ አነሳች፣ አየችው፣ ወደኔ አዞረችው። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አሁን ሳየው ቀጥ ያለ ነው። አንተ አሁን ስታየው ጎብጧል?»

ስልኩን ከእጇ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩት። ለምን እንደገለበጥኩት አላውቅም። የማውቀውን ነገር ነበር የጠየቀችኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ሎነ ከተማሪዎቿ ደብተር ባለካሬ ወረቀት ገነጠለች፣ መሃሉ ላይ ነጥብ አደረገች፣ መስኮቱ ላይ ለጠፈችው።

«ግራ ዓይንህን ሸፍን። ነጥቧን ብቻ እይ።»

ሸፈንኩ። ካሬዎቹ መሃል ላይ ወደ ውስጥ ሰምጠዋል፣ ጣት እንደተጫነው ሊጥ። ነጥቧን አላገኘኋትም። በቦታዋ ግራጫ ነገር አለ።

«አሁን ቀኙን።»

ቀኙን ሸፈንኩ። ወረቀት። ካሬ። ነጥብ።

«ወረቀቱ ርካሽ ነው» አልኳት።

«አዎ» አለች። «ለቀኝ ዓይንህ ብቻ?»

ስልኩን አንስታ እህቷ ወደምትሄድበት የዓይን ሐኪም ደውላ የድምፅ መልእክት ተወች። ስሜን ፊደል በፊደል ስትነግራቸው ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እጇ ግን የመኪናውን ቁልፍ ከማንጠልጠያው አውርዶ ኪሷ ከተተው። አየኋት። በጎን።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19

ሐኪሟ፦ «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እኔ፦ «ከኦክቶበር። ምናልባት ከዚያ በፊት።»

እሷ፦ «መስመር መጉበጥ በጀመረበት ሳምንት መጥተህ ቢሆን…» አልጨረሰችውም። ጨዋ ናት።

ከዓይኔ ጀርባ ደም ሥር አፍስሷል። ቀኙ፣ የምተማመንበት። በየወሩ መርፌ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ የዛሬው ገብቷል፤ ስለ መርፌው ከማሰብ መርፌው ራሱ ይቀላል። የጠፋው መሃል አይመለስ ይሆናል። የቀረውን መያዝ ነው። ግራው ጤነኛ ነው፣ ይጠበቃል። «በቤተሰብ አለ?» አለችኝ። ስለ በሩ መቃን ነገርኳት። አልሳቀችም።

አባቴ በሕይወት ቢኖር በሰው ሁሉ ፊት በሙሉ ስሙ ጠርቼ ይቅርታ ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር። የኔ ቢጤ ግትር ስለነበር አይቀበለኝም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ሥራ ገባሁ። ዓይኔ ቀልቷል። ብስክሌት ላይ ነፋስ ገባበት አልኩ። በአውቶቡስ ነው የመጣሁት።

ስክሪን ላይ ብዙ ማየት አድካሚ ስለሆነ ዛሬ ለሙከራ ያህል ስልኩ የሚናገርበትን ከፈትኩ፤ ማየት የማይችሉ ሰዎች ጣታቸውን ሲያሳርፉ የነኩትን የሚያነብላቸውን። ለሙከራ ነው።

አሮጌው መተግበሪያ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። «ጀልባ። መነሻ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል። ትኬት ግዛ፣ አዝራር።» ሁሉንም ነገረኝ። እኔ ይህን ለማድረግ ብዙም አልደከምኩም፤ አዝራሩን ከስልኩ ስለለመንኩት ስልኩ የራሱን ዕቃ ያውቃል።

አዲሱን ከፈትኩ። ርዕሱን አነበበ። ከዚያ «አዝራር።» የምን? «አዝራር።» ሠንጠረዡ ላይ አሳረፍኩ። ዝም። ወደ ታች፣ ዝም። ወደ ጎን፣ ዝም። ጀልባዎቹ ሁሉ እዚያ አሉ፣ ሥዕል ሆነው። ስልኩ ሥዕል ማንበብ አያውቅም።

መጻሕፍቱን ገለጥኩ። ሳጥኑ ይህን አስቦበታል። ከሚሣለው ዛፍ ጎን ሁለተኛ ዛፍ ያበቅላል፣ የትርጉም ዛፍ፤ «ይህ አዝራር ነው፣ ስሙ ይህ ነው» እያለ ለስልኩ ያቀብላል። ተራ ጽሑፍ ሲሆን በራሱ ያቀብላል። በብሩሽ በቀጥታ የሣልከውን ግን ትርጉሙን አንተው ካልጻፍክለት አያውቀውም። የኛ ሁለተኛ ዛፍ ሠንጠረዡ ጋ ሲደርስ ባዶ ነው።

ደሴት ላይ የሚኖር ዓይነ ስውር ሰው ከገና በኋላ በየትኛው ጀልባ እንደሚመለስ የሚነግረው አይኖርም ነበር። ሁላችንም ስናየው ደህና ነበር።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 26

ማልተን አስቀመጥኩት። «ዓይንህን ጨፍን። ለነገ ጠዋት አንድ ትኬት ግዛልኝ።»

«ምንድነው፣ ልደት ነው?»

«ጨፍን።»

ጨፈነ። ስልኩ «አዝራር» አለው። ነካ። «አዝራር።» ነካ። ሳቀ። ሠንጠረዡ ላይ ሲደርስ ስልኩ ዝም ሲል ሳቁ ቆመ። ጣቱ መስታወቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሄደ።

«ጠፋብኝ» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ምኑ?»

«ሁሉም። የት እንዳለሁ አላውቅም።»

ዓይኑን ሲገልጥ ጆሮው ቀልቶ ነበር። «ይህን እንዴት ማንም አላየውም?»

«አይታይማ።»

ቀኑን ሙሉ አብረን ተቀመጥን። እሱ ጻፈ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ፈተንኩ። በየመስመሩ ትርጉም ጨመርን፤ አንድ ቃል ሲጨምር ወዲያው ስልኩ ይናገረዋል። ወደ ማታ ገደማ የመጀመሪያዋ ጀልባ ተናገረች። ማልተ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

«የዓርቡ ኬክ የኔ ነው» አለ።

«ያንተ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። ዓርብ ተይዟል።»

ያየኝ መሰለኝ። ዓይኔን ነበር ያየው። «ቫግን፣ ያ መስመር…»

«መስመሩ ቀጥ ያለ ነው» አልኩት።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 28

ትናንት ከእራት በኋላ ብሩንስቪየ ጋገርኩ። የፊን ልጅ ሌላ ኬክ አይጋግርም፤ እርሾ ያለው ሊጥ፣ በጣት የተጠቀጠቀ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቅቤና ቡናማ ስኳር የሚቀልጥበት። ዱቄቱን መዘንኩ። የሚዛኑን ቁጥር ሎነ አነበበችልኝ፣ እንዳልጠየቅኋት ሆና።

ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«ማነው የተወለደው?» አለች ሲግነ።

«ሁለተኛው አንቀጽ ነው» አልኩ። «ማልተን ከስሼው ነበር። ስህተቱ እሱ ጋ አልተገኘም።»

«ታዲያ የት ተገኘ?» አለ አንዱ ከወዲያ ጫፍ፣ ለመቀለድ።

ቀኝ ዓይኔን አመለከትኩ። «እዚህ። በመርፌ እያደስነው ነው።»

ማንም አልቀለደም። ይህ ደንቡን መጣስ ነው፤ ኬክ የሚመጣው እንዲቀለድ ነው። ሲግነ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ስለ ደንበኞች ስልክ ያለችኝን እያስታወሰች መሆን አለበት።

ቢላውን አነሳሁ። በሕይወቴ ሙሉ ማንኛውንም ነገር ስቆርጥ ማስመሪያ እንደተጠቀመ ሰው ነው የምቆርጠው፣ በዚህም ይቀልዱብኝ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ቆረጥኩ። መሃሉ ላይ መስመሩ ወደ ግራ ሸሸ። ቢላው ሸሽቶ ይሁን፣ ዓይኔ ሸሽቶ ይሁን፣ ቆሜ አየሁት፣ አልለየሁትም።

ማልተ በካልሲው መጣ። ጎንበስ ብሎ አገጩን ከጠረጴዛው ጋር አስተካከለ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የቆረጥኩትን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተው፤ አባቴ ጣውላ ሲመርጥ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

«ቀጥ ያለ ነው» አለ።

ይዋሽ አይዋሽ አላውቅም። ሁለተኛውን ቆረጥኩ።